እጣቢ

እማማ ማናልሞሽ ማክሰኞ ታኅሣሥ 19 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለዳ፣ ሚዛን ተፈሪ በሚገኘው ቤታቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ያገኘቻቸው ተከራያቸው የምሥራች ናት። ወደ ቡና ለቀማ ሥራዋ ስትወጣ እንደ ሁልጊዜው በራቸው ላይ ቆማ ደኅና አደሩ ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ ስታጣ በሩን ገፋ አደረገችው። አልተቀረቀረም ነበር።

ኢንስፔክተር አሰጋሽ ስትደርስ ጭጋጉ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ገና አልተነሣም። ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ ልቧ እንደ ፈራ ነው። በማለዳ ስልክ ሲጮህ ለእሷ ሁሌም አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ጅማ የምትማረው ልጇ ሜሮን አንድ ነገር ሆናለች ማለት ነው። የሞተው ሌላ ሰው መሆኑን ስትሰማ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ደግሞ አሳፈራትና መንገዱን ሁሉ አንገቷን ደፍታ መጣች።

አሮጊቷ ከግድግዳው ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ነጠላቸውን እንደ ጸሎት ጊዜ መስቀለኛ አጣፍተዋል። ከንፈራቸው ላይ አረፋ ደርቋል። ከሆስፒታል የመጣው ወጣት ሐኪም የዐይናቸውን ቆብ ገልጦ በባትሪ አበራና፣ ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ እስኪያክል መጥበቡን አሳያት።

«የተባይ መርዝ ይመስለኛል» አለ። «ማረጋገጫው ግን ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ነው። ሳምንታት ይፈጃል።»

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። አልጋው ተነጥፏል። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ሰባት ጠርሙስ ጠበል ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ እማማ ማናልሞሽ ከየት እንደ መጣ በእርሳስ ጽፈው ወረቀት ለጥፈዋል። ስድስቱ ከሸዋ በሰው እጅ የመጡ፣ ጽሑፋቸው የደበዘዘ፣ ለዓመታት የተጠበቁ ናቸው። ሰባተኛው አዲስ ነው። ወረቀቱ «ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 18» ይላል። ውስጡ ያለው ውሃ እምነት የተበጠበጠበት ይመስል ነጭ ደመና አለው። ከጠርሙሱ ሲሶው ተጠጥቷል። አሰጋሽ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ወዲያው ዘጋችው። ላምባ ላምባ ይላል።

ውጭ ሰው ተሰብስቧል። ከአጥር ማዶ የሚኖሩት ወይዘሮ ትርፌ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ለሳጅን ታምሩ የእሑዱን ጠብ እያወሩለት ነበር። እማማ ማናልሞሽ የምሥራችን ክፍሉን እንድትለቅ ነግረዋት፣ እሷም ልጄን ይዤ የት እገባለሁ ብላ ጮኻ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቱ ጴንጤ እንደ ሆነችና ጠበላቸውን ትንቅባቸው እንደ ነበር ጨመሩ። ትንቃለች ሲባል ምን ስትል ሰሙ ተብለው ሲጠየቁ ግን፣ «አፏማ ምንም አይልም፤ ዐይኗ ነው» አሉ።

ታምሩ የምሥራችን ክፍል ፈተሸ። ከአልጋው ሥር የትኋን መድኃኒት ጠርሙስ አገኘ። ሩቡ ጎድሏል። በወረቀት ሳይጠቀልለው በእጁ ይዞት ወጣ። አሰጋሽ በኋላ ተቆጣችው፤ ግን ሰው አይቶታል። የምሥራች ወደ ፖሊስ መኪናው ስትገባ አንዲት ሴት መሬት ላይ እንትፍ አለች። ሌላዋም ተከተለች።

የምሥራች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሸኮ ወደ ሚዛን የመጣችው በልጅነቷ፣ እናቷ ከሞተች በኋላ ነው። የልጇ አባት ለንግድ ብሎ ወደ ማጂ እንደ ሄደ አልተመለሰም። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ አልተለወጠም። ስለ እማማ ማናልሞሽ ስትጠየቅ ግን እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ ደበቀቻቸው።

ጠቡን አልካደችም። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ቤቱ ይሸጥ ስላለ ሌላ ክፍል ፈልጊ ብለዋታል፤ ደንግጣ ጮኸች። በነጋታው ሰኞ ግን ታርቀዋል። ማታ ለመዝሙር ልምምድ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ስትሄድ ልጇን ትዝታን የጠበቁላት እሳቸው ናቸው። በሁለት ሰዓት ስትመለስ ልጇ እሳቸው አልጋ ላይ ተኝታ አገኘቻት። የትኋኑን መድኃኒት ቅዳሜ ከገበያ ገዝታ አልጋዋን ቀብታበታለች። አዲሱን ጠርሙስ አይታው አታውቅም።

አሰጋሽ፣ መደርደሪያውን የምታጸዳው እሷ እንደ ሆነች ጠየቀቻት።

«ቤቱን እጠርጋለሁ። ጠበላቸውን ግን አልነካም። ብነካባቸው ቅር እንዳይላቸው አቧራውን እንኳ አላራግፍም።»

«ሊነጋ ሲል ምንም አልሰማሽም?»

 «ሰምቻለሁ» አለች የምሥራች። «የእኔና የእሳቸው ክፍል የሚለየው በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነው። ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይል ነበር። እሳቸው ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ ይሰግዳሉ፤ ጉልበታቸው ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። በዓላቸው ስለ ሆነ ስግደቱን አብዝተው ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ።»

ታምሩ መጻፉን አቆመ።

ከክፍሉ ሲወጡ ሰምታ ዝም ማለቷ ራሱ ይበቃል አለ። ጠቡ አለ፣ መርዙ አለ፣ ግድግዳው አለ። ሐሙስ ጧት ፍርድ ቤት ቀርባ የዐሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ይጠየቅባት። አሰጋሽ አልተከራከረችም። ዐሥራ አራት ቀን ሃያ ስምንት እንደሚሆን፣ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ደግሞ ክፍሏ ለሌላ እንደሚከራይና የለቀማ ሥራዋ ላይ ሌላ ሴት እንደምትቀመጥ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ነጻ ናት ቢባል ማን ይሰማል?

ትዝታ መተላለፊያው ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጣለች። አራት ዓመቷ ነው። ጫማዋን የግራውን በቀኝ አድርጋለች። ከጎረቤቶቹ አንዱ እስከ ሐሙስ እንዲይዛት ታምሩ ለምኖ ነበር። አንዷ ልጆቼ ታመዋል አለች፤ አንዷ እንግዳ አለብኝ አለች፤ ወይዘሮ ትርፌ ሰው ምን ይለኛል አሉ። ስለዚህ አሰጋሽ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ሜሮን ከሄደች ወዲህ በዚያ ቤት ሁለት ሳህን ቀርቦ አያውቅም። ልጅቱ ሁለት ጉርሻ በላችና ተወችው። እናቷ ሥራ ገብታ እንደ ሆነ ጠየቀች። አሰጋሽ አዎ አለቻት። ከዚያ ልጅቱ እስክትተኛ ድረስ ትንፋሿን ስታዳምጥ ቆየች። ልጅ በሰው ቤት ቢታመም፣ ቢያንቀው፣ ከአልጋ ቢወድቅ ማን ምን ይመልሳል?

ረቡዕ ጧት የሰፈሩን ደብር ቄስ አነጋገረቻቸው። የነገሩን ክብደት ሰምተዋል፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ከእሳቸው ደብር በዚያ ሰሞን ለማንም ጠበል አልተሰጠም። በአካባቢው በገብርኤል ስም የፈለቀ ጠበል የለም። ቁልቢ የሄዱትም የከተማው ሰዎች ገና አልተመለሱም።

«እንግዲያ ሰኞ ዕለት የገብርኤል ጠበል ከየት አገኙ?» አለች አሰጋሽ።

«እሱን እኔም ልጠይቅሽ ነበር፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

አዲስ አበባ ወዳለው ልጅ፣ ወደ ወልደጻድቅ ደወለች። ቤቱን የሚወርሰው እሱ ነው፤ እንዲሸጥ የፈለገውም እሱ ነው። ከሱ በቀር በእናቱ ሞት የሚጠቀም ሰው አልታያትም። በአውቶቡስ ላይ ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እንደ ነበር አለቃው ቀደም ብሎ ለታምሩ በስልክ አረጋግጧል። በሰው እጅ ጠበል ልኮላቸው እንደ ሆነ ጠየቀችው። አልላከም። ቤቱ ይሸጥ ያለው እናቱን ወደ ራሱ ሊወስዳቸው ብሎ ነው፤ እሳቸው ግን እሺ አላሉም። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገራቸው ለመስቀል ነው። ሦስት ወር አልፎታል። ይህን ሲናገር መስመሩ ተቋረጠ። አሰጋሽ ስልኩን ይዛ፣ ሜሮን ከደወለች ስንት ቀን እንደ ሆነ በጣቷ ቆጠረች። ዘጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ስትመለስ አቶ ከፈለኝ የሚባሉ ሰው ሳጅን ታምሩ ፊት ቆመው አገኘቻቸው። የላቫጆ ባለቤት ናቸው፤ መኪና በግፊት ውሃ ያሳጥባሉ። ማክሰኞ መጥተው አመልክተው የሰማቸው ስላልነበር ዛሬ ደግመው መጥተዋል። አንድ ሰው ላቫጆአቸውን ሊያቃጥልባቸው ሞክሯል ይላሉ።

ታምሩ ሣቁን መያዝ አቃተው። «አቶ ከፈለኝ፣ ሰው የእህል ጎተራ ያቃጥላል፤ የሣር ክምር ያቃጥላል። ውሃ የሚያቃጥል ወንጀለኛ ካለማ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።»

«አንተ ሣቅ። ከጀሪካኖቼ መካከል እሳት አንድደው ሄደዋል።»

አሰጋሽ ላቫጆው የት እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። ከእማማ ማናልሞሽ ግቢ ሥር፣ ከአጥራቸው በታች ነው። የምሥራች መርዝ ስትጥል ወይም ሌላ ሰው በጓሮ ሲገባ ያየ ካለ ብላ፣ ታምሩን አስከትላ ሄደች።

ላቫጆው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሲሚንቶ ወለል ነው። አንድ ሚኒባስ ይታጠባል። ፓምፑ ይጮኻል። አቶ ከፈለኝ ጩኸቱን አልፈው እንዲሰሙ፣ «ቲቶ፣ ሽጉጡን አስቀምጥና ና» ብለው ሲጣሩ ታምሩ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። የውሃ መርጫው ጫፍ ሽጉጥ እንደሚባል ሲገባው ፊቱ ቀላ። በዚያ ቀን አሰጋሽ ፈገግ ያለችው ያኔ ብቻ ነው።

ቲቶ ሠላሳውን ያለፈ ቀጭን ሰው ነው። የሸኮ ተወላጅ ነው፤ አማርኛውን እያሰበ ይናገራል። ላቫጆውን ሲያስጎበኛት አቶ ከፈለኝ አፍ አፉን እየነጠቁ ያብራሩ ነበር። ድሮ እጣቢው ሁሉ በቀጥታ ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። ከታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻችን ታመሙ ብለው ከሰሱ። ከዚያ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ መጥቶ ጉድጓድ አስቆፈራቸው። አሁን ውሃው በቦይ ተሰብስቦ ሦስት ጉድጓድ ያልፋል። በመጀመሪያው ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ ቲቶ በጣሳ እየቀዳ ያነሣዋል። በሁለተኛው ጭቃው ይረጋል። ከሦስተኛው ጠለል ያለውን ቀድተው እንደ ገና ጎማ ያጥቡበታል። ከአቅም በላይ የሆነው ብቻ ወደ ወንዝ ያልፋል።

«የኔ ወንዝ ነው መሰላችሁ» አሉ አቶ ከፈለኝ። «ሌላው ያበላሻል፣ እኔ አጣራለሁ። ደግሞ ያቃጥሉኛል።»

ከጓሮ አጥሩ ሥር አራት ቢጫ ጀሪካኖች ቆመዋል። አጥሩ እዚያ ላይ ፈርሶ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፤ ክፍተቱ ወደ እማማ ማናልሞሽ ግቢ በሚወጣው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። በሁለቱ ጀሪካኖች መካከል ባለ ድንጋይ ላይ የቀለጠ ሰም ደርቋል። በሰሙ መካከል ጣት የማታህል ቁራጭ ቆማለች።

ታምሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄማ ጧፍ ነው» አለ፤ አሁን አልሣቀም። «ቤት የሚያቃጥል ሰው ክብሪት ይጭራል እንጂ ጧፍ አብርቶ በድንጋይ ላይ ይተክላል እንዴ?»

አሰጋሽ ከሰሙ አጠገብ ያለውን ጀሪካን ወደ ብርሃን አዙራው ነበር። በወፍራም ጥቁር ቀለም፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ተጠንቅቆ ተጽፏል።

ገብርኤል እጣቢ።

 ልጅ ሆና ወባ ሲይዛት እናቷ የመስቀል እጣቢ ታጠጣት ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን በውሃ ያጥቡና ውሃውን በኩባያ ይሰጧታል። የጻድቃንን እግር ያጠቡ ሰዎች እጣቢውን ጠጥተው እንደ ዳኑ ስትሰማ ነው ያደገችው። እንደ እማማ ማናልሞሽ ላለች ሴት፣ በገብርኤል ዋዜማ፣ እነዚህ ሁለት ቃላት አንድ ላይ ተጽፈው ሲገኙ ሌላ ትርጉም የላቸውም።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለ ቲቶ።

«ገብርኤል ማን ነው?»

ቲቶ ጥያቄው ቀላል ሆኖ አገኘው። ገብርኤል አይሱዙ ነው። የሾፌሩ የቴዲ መኪና ነው። ከመስታወቱ በላይ የመልአኩ ስም በትልቁ ተጽፎበታል፤ ከሚዛን እስከ ቴፒ ሁሉም ሰው በዚያ ስም ይጠራዋል። ባለፈው ረቡዕ ወደ አንድ እርሻ የተባይ መድኃኒት ጭኖ ሲሄድ አንዱ በርሜል ተቀዶ የጭነት ሣጥኑ ላይ ፈሰሰ። መልስ ጉዞው ላይ ቡና ሊጭን ስለ ነበር፣ ቡናው እንዳይበከል ቴዲ መጀመሪያ አሳጠበው። አቶ ከፈለኝ ይህ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ፣ ከጉድጓዱ አልፎ ወንዝ ይደርሳል አሉ። ስለዚህ ቲቶ ቦዩን በጆንያ ወተፈ። ውሃውን ቆጥቦ፣ የመጀመሪያውን እጥበት በስፖንጅና በቆሻሻ ማፈሻ ከወለሉ እየቀዳ ሁለት ጀሪካን ሞላ። ልክ እንደ ወተት ነጭ ነበር። ቢሮው በየዕቃው ላይ የየትኛው መኪና፣ ምን እንደ ሆነ ጻፉ ስላላቸው ጻፈ።

«ለምን እስካሁን እዚህ ተቀመጠ?»

ይህን የመለሱት አቶ ከፈለኝ ናቸው። «ለቢሮው ደወልኩ። ጠብቅ አሉኝ። ወንዝ ውስጥ እንዳትደፋው አሉኝ፤ አልደፋሁም። የት እንደምደፋው ግን ማንም አልነገረኝም።»

አሰጋሽ ወደ ቲቶ ዞረች። ቀስ ብላ ጠየቀችው። ሰው ሲፈራ ቃል እንደሚጠፋበት ታውቃለች፤ እሱ ደግሞ ገና አልፈራም፤ ሊፈራ ግን ነው።

«ሰኞ በዚህ በኩል የመጣ ሰው ነበር?»

«አንድ እማማ መጥታ ነበር። ከላይ ያለችው። በዚህ ነው ሁልጊዜ የምታልፈው።»

«ምን አለችህ?»

«ይህ ምንድን ነው አለችኝ። እጣቢ ነው አልኳት። የማን አለች። የገብርኤል አልኳት።»

ታምሩ ኮፍያውን አወለቀ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጇን ዘረጋች። እማማ፣ አትንኪ፣ ኃይለኛ ነው አልኳት። በጣም ኃይለኛ ነው፣ በእጅ አይነካም አልኳት።» ቲቶ የሁለቱን ፊት አየ። «ነግሬአታለሁ። ሰምታኛለች። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀች አልገባኝም። መኪና መጣ፣ ጠሩኝ፣ ሄድኩ።»

ፓምፑ ቆሞ ስለ ነበር ውሃ ወደ ቦዩ ሲንጠባጠብ ይሰማል። አሰጋሽ እማማ ማናልሞሽ መሞታቸውን፣ በምን እንደ ሞቱ ነገረችው። የሞቱት ያቺ እማማ መሆናቸውን አላወቀም ነበር፤ ስማቸውን ሰምቶት አያውቅም። ቲቶ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠ። የሚለው ነገር በሸኮ ቋንቋ ነበር። ታምሩ ምን እንደሚል ጠየቀ። አቶ ከፈለኝ፣ «ነግሬአት ነበር ነው የሚለው» አሉ። እንደ ሦስት ጊዜ ደገመው።

የቀረው የማረጋገጥ ሥራ ነው። ሐኪሙ የጠርሙሱንና የጀሪካኑን ውሃ ጎን ለጎን በብርጭቆ አስቀመጠ፤ ቀለሙም ሽታውም አንድ ነው። የጀሪካኑ ክዳን ላይ የጧፍ ሰም ተገኝቷል። ከየምሥራች አልጋ ሥር የተገኘውን የትኋን መድኃኒት ታምሩ ራሱ ውሃ ውስጥ ጠብ አደረገው፤ እንደ ዘይት ተንሳፈፈ እንጂ አልነጣም። ቴዲ ከቴፒ ተደውሎለት የተቀደደውን በርሜል አረጋገጠ። እማማ ማናልሞሽ ሰኞ ከቀትር በኋላ ጧፍና ባዶ ጠርሙስ ይዘው ተመልሰዋል፤ ጧፋቸውን አብርተው፣ ጸልየው፣ ሳይነኩ በጥንቃቄ ቀድተዋል። ማክሰኞ ሊነጋ ሲል፣ ጾመኛ ሆነው፣ እህል ሳይቀምሱ ጠጡት። መራራ ሆኖባቸው ይሆናል። መራራ ጠበል ደግሞ ይበልጥ ይፈውሳል ይባላል።

ሐሙስ ጧት የምሥራች ፍርድ ቤት አልቀረበችም፤ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አንብቦ በሱ ትእዛዝ ተለቀቀች። ስለ ቲቶና ስለ አቶ ከፈለኝ ምን እንደሚወሰን አሰጋሽ አታውቅም። ቲቶ እንዳልደፋው፣ እንደ ጻፈበት፣ እንዳስጠነቀቀ ጻፈች። አጥሩ ፈርሶ እንደ ነበርና ጀሪካኖቹ አምስት ቀን ያለ መቆለፊያ መቆየታቸውንም ጻፈች። የማን ጥፋት እንደ ሆነ የሚጠይቀውን መስመር ባዶ ተወችው። ጀሪካኖቹ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ጣቢያው ጓሮ ባለ ክፍል ተቆለፈባቸው። ከመቆለፉ በፊት የቲቶን ጽሑፍ በቀለም አጠፋችና በያንዳንዳቸው ላይ «መርዝ» ብላ ጻፈች። አንዱን ሁለት ጊዜ ጻፈችበት።

የምሥራችን ወደ ሰፈሩ ይዛት የሄደችው እሷ ናት። ብቻዋን ብትሄድ ምን ሊያደርጓት እንደሚችሉ መንገዱን ሁሉ ስታስብ ነበር። ከእማማ ማናልሞሽ በር ፊት የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ትዝታ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ከኋላ ገባች።

አሰጋሽ ቆማ የሆነውን ለለቀስተኛው ነገረችው። ሰዎቹ ሰሟት። ሲያምኗት አላየችም። ወይዘሮ ትርፌ፣ «እንግዲህ መልአኩ ነው የገደላቸው ልትይን ነው?» አሉ። መልአኩ ሳይሆን የፈሰሰ መርዝ ነው፤ ይህች ልጅ እጇ የለበትም አለች አሰጋሽ። ወይዘሮ ትርፌ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ማንም ፈቀቅ ብሎ ቦታ አልለቀቀም። የምሥራች መግቢያው አጠገብ፣ ጫማ በተቆለለበት መሬት ላይ ተቀመጠች። አሰጋሽም ዩኒፎርሟን እንደ ለበሰች አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

አምስት ሰዓት ገደማ ወልደጻድቅ ደረሰ። የሁለት ቀን አቧራ ላዩ ላይ ነው። ድንኳኑ ሁሉ ተነሥቶ አለቀሰለት። ለቅሶው ሲበርድ ወንበር ሰጡት፤ አልተቀመጠም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከእናቱ ጋር የነበረ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ።

 ወይዘሮ ትርፌ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ከአጥር ማዶ ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ ጎረቤቶች ሁሉ ነን ማለት ይችሉ ነበር። ግን ከእነዚያ ቀናት አንዱን እንኳ ከእማማ ማናልሞሽ ጋር የተቀመጠ ሰው ከመካከላቸው የለም። ቀስ በቀስ ዐይኖች ወደ መግቢያው ዞሩ።

ወልደጻድቅ መጥቶ የምሥራች ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። አሰጋሽ በክንዷ ልትከልላት ተዘጋጀች። እሱ ግን ማታ ማታ እናቱ ምን ያደርጉ እንደ ነበር ጠየቀ።

የምሥራች ነገረችው። ሬዲዮ ይሰማሉ። ለትዝታ ተረት ይነግራሉ፤ በማግስቱ ደግሞ እንድትመጣ ብለው ተረቱን አይጨርሱላትም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ይህን ለማንም አይናገሩም። ሰኞ ማታ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ ግን አልነገሯትም።

«ስለ እኔስ ምን ትል ነበር?»

የምሥራች አሰጋሽን አየች፤ ከዚያ ልጇን አየች። 

«ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር ነበር የሚያስቀምጡት» አለች።

ወልደጻድቅ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የእሱ ለቅሶ ብቻ ሆነ። ትዝታ ከእናቷ ኋላ ወጥታ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ቀርባ ታየው ጀመር።

ሲረጋጋ የቤቱ ቁልፍ የት እንዳለ ጠየቀ። ክፍሉን ያሸገችው አሰጋሽ ስለ ነበረች ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችለት። አልተቀበላትም።

«ለእሷ ይስጧት» አለ። «ቤቱን አልሸጥም። እኔ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ መመለሴ ነው። እናቴ ቤት መብራት የሚያበራ ሰው ይኑር።»

አሰጋሽ ቁልፉን የምሥራች መዳፍ ላይ አኖረችው። የምሥራች ጣቶቿን አልዘጋችም፤ ሰው መልሶ ይወስድብኛል ብላ የምትጠብቅ ይመስል እጇን እንደ ዘረጋች ቆየች። ወይዘሮ ትርፌ ካሉበት ምንጣፍ ላይ ተነሡ። ወደ መግቢያው መጥተው፣ የማንንም ፊት ሳያዩ፣ ትዝታን አንሥተው ታቀፉና ተመልሰው ከነልጅቱ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ነበር።